ሕመምን መንገድ ላይ ያስቆመው ሐኪም፦ የዊልያም ሃልስቴድ ሕይወት

ባለፈው ሴሚስተር የክሊኒካል ልምምዴን በአጥንት ሕክምና ክፍል ሳደርግ አንዲት የአገራችን እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ ገቡ። ስማቸውንም ሆነ ሆስፒታሉን አልጠቅስም። ዕድሜያቸው ከሰማንያ በላይ ነው፤ ልባቸውም ደከም ያለ ስለነበር ሐኪሞቹ ብዙ ሞርፊን ሊሰጧቸው ፈሩ። ትንሽ ሲሰጧቸው ይፈዛሉ፣ ያሉበት ይጠፋባቸዋል፤ ሲቀነስላቸው ደግሞ አልጋው በተነካ ቁጥር እመቤቴን እየተጣሩ ያለቅሳሉ። አስተርጓሚው በስክሪን ላይ ነበር። እኔ ተማሪ ስለሆንኩ ሕክምና ነክ ነገር መተርጎም አይፈቀድልኝም። የተፈቀደልኝ እጃቸውን መያዝ ነበርና ያዝኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማደንዘዣ ሐኪሟ አልትራሳውንድ እየገፋች መጣች። መጀመሪያ የታካሚዋ ስምና የተሰበረው ጎን ሁሉም እየሰማ ተረጋገጠ። ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ የልብ ምታቸውን የሚያሳየው ማሽን ተገጠመ። ከዚያ ሐኪሟ ብሽሽታቸው ላይ ጄል ቀብታ መሣሪያውን አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ክብ ሆኖ የሚመታው የጭን ደም ቅዳ ቧንቧ ታየ፤ ከጎኑም እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጣ ያለ ነገር አለ፤ ነርቩ እሱ ነው። ቀጭን መርፌ ከጎን ሲገባ በስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ማደንዘዣው ሲፈስ በነርቩ ዙሪያ ጥቁር ሆኖ ተዘረጋ። የሐኪሟ ዓይን ከስክሪኑ ላይ አልተነሳም፤ ነርሷ ደግሞ ጆሯቸው ይጮህ እንደሆነ፣ አፋቸው ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይሰማቸው እንደሆነ በአስተርጓሚው በኩል ትጠይቃቸው ነበር። መድኃኒቱ ተሳስቶ ወደ ደም ከገባ መጀመሪያ የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። እኚያ እናት ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ወላጆቼ ከየት እንደመጡ፣ ምሳ በልቼ እንደሆነ በየተራ ጠየቁኝ። ዳሌያቸው እንደተሰበረ ነው። ሕመሙ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይህ ሥራ በእኛ ሙያ ነርቭ ብሎክ ይባላል። ማታ ቤት ገብቼ ይህን መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው ብዬ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ሰው የክረምት እረፍቴን በሙሉ ወሰደብኝ። ዊልያም ስቱዋርት ሃልስቴድ ይባላል። ዕድሜውን የፈጸመው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከኮሌጃችን ብዙም በማትርቀው ባልቲሞር ነው። ለነርስነት የምንማር ሰዎች በየቀኑ የምንነካቸው ብዙ ነገሮች ከእሱ እጅ ወጥተዋል። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሕይወቱ ጥያቄ ግን ዛሬም በየመድኃኒት ቁም ሣጥናችን ፊት ቆሟል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ሃልስቴድ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1852 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር። ልጁ ምንም ሳይጎድልበት አደገ፤ አንዶቨር በሚገኝ ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ የሚታወቀው በትምህርቱ ሳይሆን በስፖርት ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ አምበል ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ እንኳ መዋሱን የሚያሳይ መዝገብ እንዳልተገኘ ይነገራል። ውጤታችሁ ያሳሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ ትንሽ ተጽናኑ። ሆኖም በመጨረሻው ዓመት አንድ የአናቶሚና አንድ የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ ጀመረ፤ ያ ንባብ ሰውየውን ለወጠው። በ1874 ከዬል ተመርቆ ኒውዮርክ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባና በ1877 በከፍተኛ ውጤት ሐኪም ሆነ።

ወዲያው ኒውዮርክ ሆስፒታል ተቀጠረ። ለእኛ የሚቀርበው የመጀመሪያ ሥራው እዚያ ነው። የታካሚውን ሙቀት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ በአንድ ወረቀት ላይ በመስመር እየሳሉ መከታተልን በሆስፒታሉ ያስጀመረው እሱ ነው። በየአራት ሰዓቱ ቫይታል ሳይን ስንመዘግብ የዚያን ወረቀት የልጅ ልጅ ነው የምንሞላው። በዚያው ሆስፒታል ዊልያም ዌልች ከሚባል ሐኪም ጋር ተዋወቀ። ይህን ስም ያዙት፤ ወደ ኋላ ሕይወቱን የሚያተርፍለት ዌልች ነው።

ከ1878 እስከ 1880 አውሮፓ ሄዶ ቪየናንና የጀርመን ከተሞችን እየዞረ ተማረ። በዚያ ዘመን የቀዶ ጥገና ሳይንስ ቋንቋው ጀርመንኛ ነበር። ቋንቋውን፣ ጓደኞችን፣ ንጽሕናን የሚያጠብቅ አዲስ አስተሳሰብም ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት ሲነበቡ ያደክማሉ። በአንድ ጊዜ በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራል፣ ቀን ኦፕራሲዮን ያደርጋል፣ ማታ ተማሪዎችን ያስጠናል። ቤልቪው ሆስፒታል ውስጥ የነበረው የኦፕራሲዮን ክፍል ቆሻሻ ነው ብሎ ስላመነ ከወዳጆቹ ገንዘብ አሰባስቦ በግቢው ውስጥ ወለሉ በእንጨት የተነጠፈ ትልቅ ድንኳን አስተከለና እዚያ ይሠራ ጀመር። በ1881 እህቱ ወልዳ ደም ሲፈሳት ደረሰ። ልትሞት ስትል ከራሱ ክንድ ደም ቀድቶ ሰጣትና ኦፕራሲዮን አድርጎ አዳናት። የደም ዓይነት የሚባል ነገር መኖሩ የታወቀው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ያ ደም ሊገድላትም ይችል ነበር። በ1882 ደግሞ እናቱ በሐሞት ጠጠር ታመው ሲያጣጥሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ከፈታቸው፤ መግሉን አፍስሶ ጠጠሮቹን አወጣ፤ እናቱም ዳኑ። ፈጣን፣ ደፋር፣ እንቅልፍ የማያውቅ ወጣት ነበር። ሰላሳ ዓመቱ ነው።

በ1884 መስከረም ላይ ከአውሮፓ አንድ ዜና መጣ። ካርል ኮለር የሚባል ወጣት የቪየና የዓይን ሐኪም የኮኬይን ጠብታ ዓይን ላይ ሲደረግ ዓይኑ ሕመም እንደማይሰማው አግኝቷል። ኮለር ወደ ጉባኤው የሚሄድበት ገንዘብ ስላልነበረው ሃይድልበርግ ላይ ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሐኪም ነው። ያኔ ኮኬይን በሕግ የተከለከለ ነገር አልነበረም፤ ሱስ ያስይዛል ብሎ የሚፈራውም ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት የቪየናው ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ኮኬይን መልካምነት ጽፎ ነበር።

የዚያን ጊዜውን ሰመመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው ኢተር ወይም ክሎሮፎርም እያሸተተ ሙሉ በሙሉ ይተኛል። ሲነቃ ያስመልሰዋል፤ ሳይነቃ የሚቀርም ነበር። ለአንዲት ጥርስ ወይም ለአንድ ጣት ሲባል መላው ሰውነት ሞት አፋፍ ድረስ ይወሰዳል።

ሃልስቴድ ዜናውን ሲሰማ አንድ ደረጃ ወደፊት አሰበ። ኮለር መድኃኒቱን ያደረገው በሚያመው ቦታ ላይ ነው። ሃልስቴድ ግን ሕመም የሚሄድበት መንገድ አለው ብሎ ተነሳ። ነርቭ ከጣት ተነስቶ ወደ አከርካሪ፣ ከዚያ ወደ አንጎል የሚወስድ መንገድ ነው። መድኃኒቱ መንገዱ መሐል ላይ ቢወጋ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ዝም ይላል፤ የሚያመው ቦታ ራሱ ሳይነካ ማለት ነው። ዛሬ እንደምናውቀው እነዚህ መድኃኒቶች በነርቩ ግድግዳ ላይ ሶዲየም የሚገባባቸውን በሮች ይዘጋሉ፤ በሩ ሲዘጋ ነርቩ መልእክት ማስተላለፍ አይችልም። ሃልስቴድ ይህን አያውቅም ነበር፤ ሥራውን ግን አየ።

ሪቻርድ ሆል ከሚባል የሥራ ባልደረባውና ከሌሎች ወጣት ሐኪሞችና ተማሪዎች ጋር ሆነው ሙከራ ጀመሩ። የሞከሩት በራሳቸው ላይ ነው። አንዱ የአንዱን ክንድ፣ እግር፣ ድድ ይወጋል፤ ከዚያ በመርፌ ጫፍ እየነኩ የትኛው ቦታ እንደደነዘዘ ይመዘግባሉ። ሳምንታት ሳይፈጁ የታችኛውን መንጋጋ ነርቭ ከመግቢያው ላይ በማደንዘዝ የዚያን ጎን ጥርሶች በሙሉ ዝም ማሰኘት ቻሉ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ከንፈራችሁ ደንዝዞ ከወጣችሁ የተደረገላችሁ ይኸው ነው። ሆል ውጤቱን በ1884 ዲሴምበር አሳተመ። ሃልስቴድም ቀጥሎ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች አንገት ላይ ቆዳውን ከፍቶ፣ በዓይኑ እያየ፣ አንድ በአንድ ወጋቸው። ክንዱ በሙሉ ደነዘዘ። ነርቩን ለማየት መቁረጥ ነበረበት፤ ሌላ ዓይን አልነበረውም።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚያጨልመው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ኮኬይን በሰውነታቸው ውስጥ እያስገቡ ነበር። መጀመሪያ ድካም ጠፋ፤ እንቅልፍ አላስፈለገም፤ ወሬው በዛ። ከዚያ ምሽቱም፣ ቲያትር መሄዱም ያለ ኮኬይን አልሆነም። ሃልስቴድ ከሥራ መቅረት ጀመረ። በ1885 ሴፕቴምበር በአንድ የኒውዮርክ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ግኝቱ ያወጣው ጽሑፍ ዛሬም አለ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጠማዘዝና ይጠማዘዝና መድረሻው ይጠፋል። ያንን ገጽ ሳነብ ከሳይንስ ጽሑፍ ይልቅ የታካሚ ካርድ ያነበብኩ መሰለኝ። ከእነዚያ ባልደረቦቹ መካከል ከሱሱ ያልወጡ ነበሩ። ሆል ኒውዮርክን ትቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በ1897 በወጣትነቱ ሞተ።

ሃልስቴድን ለማዳን የተነሳው ዌልች ነው። በ1886 መጀመሪያ ላይ በመርከብ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይዞት ሄደ፤ ሐሳቡ በባሕር ላይ መጠኑን እየቀነሱ ማስተው ነበር። አልሆነም። በዚያው ዓመት ሃልስቴድ ሮድ አይላንድ በሚገኘው በትለር የአእምሮ ሆስፒታል ገብቶ ወራት ተኛ። ኮኬይኑን ለማስተው የተሰጠው ደግሞ ሞርፊን ነው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ። በ1887 እንደገና ወደዚያው ሆስፒታል ተመለሰና ብዙ ወራት ቆየ። ከዚያ በኋላ ሞርፊን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አብሮት ኖረ።

በሁለቱ የሆስፒታል ቆይታዎች መካከል ዌልች ወደ ባልቲሞር አመጣው። ዌልች አዲስ በሚቋቋመው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ሆኖ ነበር። ለወዳጁ በላቦራቶሪው ውስጥ ቦታ ሰጠው። የኒውዮርክ ዝነኛው ቀዶ ሐኪም የውሻ አንጀት እየሰፋ ከዜሮ ጀመረ። እዚያም የአንጀት ስፌት የሚይዘው የትኛው የአንጀቱ ግድግዳ ንጣፍ ላይ ሲሰፋ እንደሆነ አገኘ፤ ዛሬም ቀዶ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

ሆስፒታሉ በ1889 ሜይ ላይ ሲከፈት ሃልስቴድ በሙከራ መልክ ተቀጠረ። በ1890 የቀዶ ጥገና ዋና ኃላፊ፣ በ1892 ፕሮፌሰር ሆነ። ነገር ግን ሰውየው ሌላ ሰው ነበር። የኒውዮርኩ ጨዋታ ወዳድ ዝምተኛ ሆኗል። ፈጣኑ እጅ ዘገምተኛ ሆኗል። ከሰመመን በፊት የነበረው ዘመን ፈጣን ሐኪምን ያከብር ነበር፤ ታካሚው ነቅቶ እየጮኸ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ ነበራትና። ሃልስቴድ ግን እያንዳንዱን የደም ሥር እየያዘ፣ ሥጋውን ሳይጨፈልቅ፣ በቀጭን የሐር ክር እየሰፋ ሰዓታት ይቆማል። ቁስሎቹም ይድኑ ነበር። ይህ እርጋታ ከሞርፊኑ ይሁን ከሳይንሱ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። እኔ እንደማስበው ራሱን አንዴ የሰበረ ሰው መጠንቀቅን ይማራል።

ለቡአና ለጡት ካንሰር አዳዲስ ቀዶ ጥገናዎችን አወጣ። የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮኑ በዘመኑ ብዙ ተስፋ የሰጠ ቢሆንም ጡቱን ከሥሩ ካለው ጡንቻ ጋር የሚያነሳ ከባድ ሥራ ነበር፤ ከእሱ ሞት በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ለብዙ ሴቶች ያነሰ ቀዶ ጥገና እኩል እንደሚሠራ ታወቀ። ወጣት ሐኪሞች ለዓመታት በሆስፒታሉ እየኖሩ ደረጃ በደረጃ ኃላፊነት የሚቀበሉበትን የሬዚደንሲ ሥልጠናም ለቀዶ ጥገና ያቋቋመው እሱ ነው።

አሁን ወደ ነርሷ ልምጣ። ካሮላይን ሃምፕተን ከሳውዝ ካሮላይና ብዙ ባሪያዎች ከነበሩት ዝነኛ ቤተሰብ የተወለደች፣ አባቷን በእርስ በርስ ጦርነቱ ያጣች ሴት ናት። የቤተሰቧን ወግ ትታ ኒውዮርክ ሄዳ ነርስነት ተማረች። በ1889 ባልቲሞር መጣችና የሃልስቴድ ኦፕራሲዮን ክፍል ኃላፊ ነርስ ሆነች። በዚያ ዘመን እጅ የሚነከረው በካርቦሊክ አሲድና በሜርኩሪ ውህድ ውስጥ ነበር። የካሮላይን እጅ ቀላ፣ ተሰነጠቀ፣ ተላላጠ። ሥራዋን ልትተው ደረሰች። ሃልስቴድ የእጆቿን ቅርጽ አስወስዶ ወደ ጉድይር የጎማ ኩባንያ ላከና ስስ የጎማ ጓንት አሠራላት። ይህ የሆነው በ1889 መጨረሻና በ1890 መጀመሪያ አካባቢ ነው። በዚያው በ1890 ጁን ወር ተጋቡ።

ጓንቱ የተሠራው የነርሷን እጅ ለመጠበቅ እንጂ ታካሚውን ከጀርም ለመጠበቅ አልነበረም። ሌሎች ረዳቶችም ስለተመቻቸው ማድረግ ጀመሩ። ለዓመታት ሃልስቴድ ራሱ ጉዳዩን አላስተዋለም። ጓንትን ለሁሉም ደንብ ያደረገው ተማሪው ጆሴፍ ብለድጉድ ነው፤ እሱም በ1899 ጓንት ከተለመደ ወዲህ የቡአ ኦፕራሲዮን ቁስል መመርቀዝ እጅግ እንደቀነሰ በጽሑፍ አሳየ። በየቀኑ ከሳጥን መዘን የምናወጣው ጓንት የጀመረው በአንዲት ነርስ የተላላጠ እጅ ነው።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። በባልቲሞር ትልቅ ቤት ውስጥ ለየብቻ ፎቅ እየኖሩ፣ ክረምቱን ኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ላይ ባለው ርስታቸው ያሳልፉ ነበር፤ እሷ ፈረሶቿንና ውሾቿን፣ እሱ ዳሊያ የሚባለውን አበባ ያሳድጉ ነበር። ሸሚዞቹን ለማሳጠብ ፓሪስ ድረስ ይልክ እንደነበር ሁሉም የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ያነሳሉ። በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ ከሆስፒታሉ ይጠፋል፤ ተማሪዎቹ ፕሮፌሰሩ ዕረፍት ላይ ነው ከማለት በቀር የሚያውቁት አልነበረም።

አንድ ሰው ግን ያውቅ ነበር። በዚያው ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋና ሐኪም የነበረው ዊልያም ኦስለር በ1890 ሃልስቴድን በከባድ ብርድ ሲንቀጠቀጥ አገኘው። ሐኪም ስለሆነ ምልክቱን አወቀ፤ ሞርፊን የጎደለበት ሰው መንቀጥቀጥ ነው። ኦስለር ምስጢሩን ለሕዝብ አላወጣም። በግል ማስታወሻ ላይ ጻፈና ታሸገ። ያ ማስታወሻ የታተመው በ1969 ነው። እስከዚያ ድረስ ዓለም ሃልስቴድን ከኮኬይን ሱስ ድኖ የተነሳ ጀግና አድርጎ ነበር የሚያውቀው። ሞርፊን እየወሰደ ሠላሳ ዓመት ኦፕራሲዮን ማድረጉን፣ መጠኑን ለመቀነስ በየጊዜው መታገሉን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን አሰብኩበት። እናቴ የምትወደው ተረት አለ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላለች። የሃልስቴድ ሕይወት ይህን ተረት ግራ ያጋባዋል። የእሱ በሽታ ተደበቀ፤ የደበቁለት ጓደኞቹም አተረፉት። ዌልች ዝም ባይል ኖሮ ጓንቱም፣ ስፌቱም፣ ሬዚደንሲውም በእሱ እጅ አይመጡም ነበር ይሆናል። ግን ደግሞ ተረቱ ልክ ነው፤ ከሞርፊኑ መድኃኒት አላገኘም። ዝምታው ሥራውን አተረፈለት፤ ከሱሱ ግን አላወጣውም።

ሌላም የከበደኝ ነገር አለ። ሃልስቴድ ሀብታም ነበር፣ ወንድ ነበር፣ ሐኪም ነበር፣ ኃያላን ጓደኞች ነበሩት። መርከብ የተከራየለት፣ ላቦራቶሪ የተከፈተለት፣ ፕሮፌሰርነት የተሰጠው ለዚህም ነው። በዚያው ዓመት አንዲት ነርስ ሞርፊን ስትወስድ ብትገኝ ማን መርከብ ላይ ይዟት ይሄድ ነበር? ያባርሯት ነበር፤ ስሟም አይቀርም ነበር።

ጥያቄው ያለፈ ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም። በልምምድ ክፍላችን አንድ ነርስ ከሞርፊን ብልቃጥ ግማሹን ከሰጠች የቀረውን የምትደፋው ሌላ ነርስ እያየች ነው፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ይህ ደንብ የወጣው ነርስ ሌባ ናት ተብሎ አይደለም። መድኃኒቱ በቀረበበት፣ ድካም በበዛበት፣ እንቅልፍ ባነሰበት ሙያ ማንም ሊወድቅ ስለሚችል ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሱስ የያዛት ነርስ ራሷን ብትገልጥ ፈቃዷን ለዘለዓለም ሳታጣ ታክማ በክትትል ወደ ሥራ የምትመለስበት ፕሮግራም አለ። መምህራችን ስለዚህ ስትነግረን ክፍሉ ውስጥ ያለን ሐበሾች ዓይን ለዓይን አልተያየንም። በቤታችን ሱስ የሚባለው ቃል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ስለ ሌላ ሰው ልጅ ብቻ የሚወራ ነው። ገመና እንለዋለን፤ ገመና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አይታከምም።

ወደ ነርቭ ብሎክ ልመለስ፤ ሥራው ከሃልስቴድ እጅ ቢወጣም አልሞተም። የእሱ ሬዚደንት የነበረው፣ ኋላ በአንጎል ቀዶ ጥገና ስመ ጥር የሆነው ሃርቪ ኩሺንግ፣ ኢተር የማይችሉ የቡአ ታካሚዎችን ነርቭ በኮኬይን እያደነዘዘ ኦፕራሲዮን አደረገ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ አይንሆርን ኖቮኬይንን ሠራ፤ እንደ ኮኬይን ሱስ የማያስይዝ ማደንዘዣ ተገኘ። ይህ መድኃኒት በ1884 ቢኖር ኖሮ የእነዚያ ወጣቶች ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። ቀጥሎ በመጡት ዓመታት ሐኪሞች ቆዳ ሳይከፍቱ በእጅ እየዳሰሱ፣ ኋላም ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ ቦታውን ይገምቱ ነበር። መርፌው ነርቩን ወይም የደም ሥሩን ወይም ሳንባውን ይነካ ይሆን የሚል ስጋት ሁልጊዜ አለ። በ1994 የቪየና ሐኪሞች ከአጥንተ ብርቱ በላይ ያሉትን የክንድ ነርቮች በአልትራሳውንድ እያዩ ማደንዘዝ እንደሚቻል አሳተሙ። ከኮለር ከተማ፣ ከ110 ዓመት በኋላ። ሃልስቴድ በቢላዋ የከፈተውን እነሱ በድምፅ ሞገድ አዩት።

ሃልስቴድ በ1922 ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት የጥርስ ሐኪሞች ስለ መንጋጋው ነርቭ ሥራው የወርቅ ሜዳሊያ ሸለሙት። ለዚያ ግኝት ያገኘው ክብር ይህን ያህል ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ስለ እነዚያ ዓመታት ማውራትም አይወድም ነበር። በዚያው ዓመት እናቱን የገደለ መስሎ የነበረው በሽታ በእሱ ላይ በረታበት፤ የሐሞት ጠጠር። ራሱ ያሠለጠናቸው ቀዶ ሐኪሞች በራሱ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን አደረጉለት። ከዚያ በኋላ በመጣ ችግር በሴፕቴምበር 7 ቀን በ69 ዓመቱ ሞተ። ካሮላይንም ሦስት ወር ሳይሞላ ተከተለችው።

እኚያ እናት በማግስቱ ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው በሳምንቱ በዊልቸር ወጡ። እሳቸው ያገኙት እረፍት ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። እኛ ግን ማወቅ ይገባናል። ሞርፊን ሳይበዛባቸው ሕመማቸው የተቆረጠው፣ ከ140 ዓመት በፊት ጥቂት ወጣቶች መርፌውን በራሳቸው ክንድ ላይ ስለሞከሩና አንዳንዶቹም ከዚያ ስላልተመለሱ ነው።

ይህን የምታነቡ ነርሶች፣ የፋርማሲና የሕክምና ተማሪዎች፣ ከዚህ በፊት የተመረቃችሁ ታላላቆቻችን፦ በመካከላችን እየታገለ ያለ ሰው መኖሩ አይቀርም። ለሃልስቴድ ዌልች ነበረው። የእኛ ማኅበር በየወሩ ቡና አፍልቶ ስለ ፈተናና ስለ ሥራ ያወራል፤ አንድ ቀን ስለዚህም ድምፃችንን ሳንቀንስ እናውራ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ።